መልስ፦ በርሊን ውስጥ የቆዩ የቪዲዮ ጌሞችን የት ማየት ይቻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ከልጅዎ ጋር በርሊን ሲሄዱ የቆዩ የቪዲዮ ጌሞችን የሚያዩበት ብቻ ሳይሆን የሚጫወቱበትም ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል፤ እኔ በካርል ማርክስ አሌ ጎዳና የሚገኘውን የኮምፒውተር ጌም ሙዚየም ሳላመነታ እመክርዎታለሁ። መጀመሪያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ አሁን ባለበት ቦታ ሥራ የጀመረው በ2011 ነው። በዩ5 የምድር ባቡር መጥተው ቬበርቪዜ ጣቢያ ቢወርዱ ቅርብ ነው።

እንደገቡ «ፖሊ ፕሌይ» የተባለውን ማሽን ይፈልጉ። ይህ በ1980ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ጀርመን የተሠራ፣ ቆመው የሚጫወቱበት፣ ያኔ 50 ፕፌኒግ (የጀርመን ሳንቲም) እየተከፈለ የሚሠራ ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ ስምንት ጌሞችን ይዟል። ከእነዚህ በአንዱ ጥንቸል በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ከተኩላዎች እየሸሸ ይሮጣል፤ ፓክማን የተባለውን ታዋቂ የማሳደድ ጌም የሚያውቅ ልጅ ዝምድናውን ወዲያው ይለየዋል። ከምዕራቡ ዓለም ማሽን እንደልብ ማስገባት በማይቻልበት በዚያ ዘመን መሐንዲሶቹ በእጃቸው ባለው ዕቃ ይህን መሥራታቸው እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ስለዚህ የቀረውን ተቻኩለው ቢያልፉት እንኳ፣ እዚህ ማሽን ፊት ልጅዎ ደጋግሞ እንዲሞክር ጊዜ ይስጡት።