ያስተካከልሽውን የዘር ሐረግ ሌላ ሰው እየመለሰ ሲያበላሸው

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ባለው የጋራ ሐረግ ውስጥ ቅድመ አያትሽ የእሷ ካልሆኑ አባትና እናት ጋር ተያይዛለች። አንቺ ነቀልሻቸው። ሌላ ሰው መልሶ አያያዛቸው። እንደገና ነቀልሽ፣ እንደገና ተመለሱ። «ምን ላድርግ? ሰውየውንስ ለማን ልክሰሰው?» ነው ያልሽው።

ክሱን ለጊዜው እንተወው። መጀመሪያ የምመክርሽ ለጥቂት ቀን ገጹን እንዳትነኪው ነው። ብትነቅያቸው ይመለሳሉ። ሰውየው እልኸኛ ሊሆን ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነገሩ ጀርባ አንዲት ሌላ ሴት አለች። ስሟ ከቅድመ አያትሽ ጋር አንድ የሆነ፣ በተቀራረበ ዓመት የተወለደች፣ የእነዚያ ወላጆች እውነተኛ ልጅ። እሷ የራሷ ገጽ እስካላገኘች ድረስ የሚፈልጓት ሰዎች ሁሉ መጥተው የሚያርፉት ያንቺዋ ላይ ነው። ያቺን ሴት ፈልገሽ ቦታዋን ስጫት። ያኔ ወላጆቹ ወደ ልጃቸው ይሄዳሉ፣ ያንቺዋም ትገላገላለች።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ፣ ምክንያቱም እዚህ የሚጠይቁ ብዙዎች ያምታቱታል። ፋሚሊሰርች፣ ዊኪትሪና ጄኒ በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ሐረጉ የሁላችንም አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ብቻ እንዲኖር ነው የሚፈለገው። አንሴስትሪ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሐረግ ይሠራል። የሌላውን መንካት አይቻልም፤ መልእክት ወይም አስተያየት መተው ብቻ ነው። ያንቺ ጉዳይ የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ እሰየው፣ ቢያንስ የሚታረም ገጽ አለሽ።

አሁን የቅድመ አያትሽን ገጽ ክፈቺና የለውጥ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢ። ይህን የሚከፍተው ሰው ማነሱ ሁሌም ይገርመኛል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ፣ ምን ምክንያት እንደሰጠ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። በተለይ የምትፈልጊው ሁለት ገጾች የተዋሐዱበትን ቀን ነው። ሲስተሙ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ» እያለ ጥቆማ ያቀርባል። አንዱ ቸኩሎ እሺ ይላል። በአንድ ጊዜ የሁለት ሴቶች ባሎች፣ ልጆችና ወላጆች አንድ ገጽ ላይ ይከመራሉ። ቀጥሎ የመጣው ሰው መብዛቱን አይቶ አንድ ባል ይሰርዛል፣ ሌላው ደግሞ ልጅ ያዛውራል። ዓመታት ሲያልፉ ገጹ ንጹሕ ይመስላል። ሕይወቱ ግን ግማሹ የአንዷ፣ ግማሹ የሌላዋ ነው። ሁለት ገመድ አብሮ ከተቋጠረ በኋላ አንዱን ብቻ ስትጎትቺው ቋጠሮው ይጠብቃል፤ አንቺም ወላጆቹን ብቻ እየሳብሽ ነው።

አንድ ያየሁትን ገጽ ላሳይሽ፣ ስምና ቦታውን ትቼ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሴትየዋ ዘጠኝ ልጆች አሏት። ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም አይልም። ልጆቹን በልደታቸው ቅደም ተከተል ደርድሬ፣ ከጎናቸው የተጠመቁበትን ቦታና የአባታቸውን ሥራ ስጽፍ ነገሩ ወጣ። አንዱ ልጅ ማርች 1866 የወደብ ከተማ ውስጥ ይወለዳል። ቀጣዩ ኦገስት 1866 ከዚያ በጣም የራቀ የገጠር አጥቢያ ውስጥ። በአምስት ወር ልዩነት! «ጥምቀቱ ዘግይቶ ይሆናል» የሚል ይኖራል፤ እውነትም ልጅ ካደገ በኋላ የሚጠመቅበት ጊዜ አለ። እዚህ ግን ሁለቱም መዝገቦች የልደቱን ቀን ለይተው ጽፈዋል። ከዚያ የአባትየውን ሥራ ተከተልኩ። የአባቶቹ ስም አንድ ነው፣ የእናቶቹም አንድ ነው። የወደቡ ልጆች አባት ግን በየመዝገቡ አናጢ ነው፣ የገጠሩ ልጆች አባት ገበሬ። ዘጠኙ ልጆች አምስትና አራት ሆነው ተለያዩ። ከዚያ በፊት በገጹ ላይ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ሰዎች ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ስለተለያዩ ሴቶች ነበር የሚያወሩት።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ኤክሴልም ይሁን ደብተር፣ አራት ዓምድ ብቻ ይበቃል፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ሰነዱ፣ መረጃውን የሰጠው ሰው። ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ አስገቢበት፣ የማታምኚውንም ጭምር። እናት ከሞተች በኋላ የተወለደ ልጅ፣ በስምንት ዓመቷ የወለደች እናት፣ አንድ ቀን ሁለት ቦታ የተቆጠረች ሴት ካሉ ራሳቸው ይወጣሉ። አባት ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሆና የሞተ አባት ልጅ ከሞቱ በኋላ ሊወለድ ይችላል።

መለየቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ፋሚሊሰርች ላይ ከውሕደቱ በኋላ ገጹ ካልተነካ ውሕደቱን መቀልበስ ይቻላል። ከተነካ ደግሞ የተዋጠውን ገጽ በመለያ ቁጥሩ ፈልገሽ ታስነሺውና ዘመዶቹን አንድ በአንድ ትመልሺለታለሽ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ሰው የሚዘለው። ያቺ ሌላዋ ሴት ባዶ ገጽ ይዛ ከቀረች ሲስተሙ ነገም «አንድ ናቸው» ብሎ ይጠቁማል። ስለዚህ ለማታውቂያት ሴት ትንሽ ልፊላት። የጥምቀት መዝገቧን ከወላጆቿ ጋር አያይዢ። ጋብቻዋን ፈልጊ። ሁሉም ባይገኝ እንኳ ሞቷን ፈልጊ። ሌላ ሰው አግብታ ሌላ ቦታ ከተቀበረች ክርክሩ አለቀ። በሕፃንነቷ ሞታ ከሆነ ደግሞ ያኔውኑ አለቀ፣ ይህም ከምትገምቺው በላይ ያጋጥማል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ፦ ወላጆች የሞተችባቸውን ልጅ ስም ለቀጣዩዋ ይሰጡ ነበርና ከሞተችው በኋላ ሌላ ባለ ስም እህት አለመወለዷን አጣሪ። ሲያልቅ ሁለቱን ገጾች «አንድ አይደሉም» ብለሽ ምልክት አድርጊባቸው። ፋሚሊሰርችም ዊኪትሪም ይህ አማራጭ አላቸው።

ምክንያት የሚጻፍባትን ሳጥን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣሽ። በለውጥ ታሪኩ ላይ የጻፍሽውን ልከሽልን አይተነዋል፦ «ስህተት ነው!!!» ይላል። ለሚቀጥለው አንባቢ ይህ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ብትይስ፦ «እነዚህ ጥንዶች በ1858 የተጠመቀች ተመሳሳይ ስም ያላት ልጅ ነበረቻቸው። እሷ በ1861 ሞታለች፤ የቀብር መዝገቡ ተያይዟል። በዚህ ገጽ ያለችው ሴት በ1880 አግብታለች፤ በጋብቻ መዝገቡ ላይ አባቷ በሌላ ስም ተጽፏል። ስለዚህ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው ሰው የሚያምንበትን ነገር ስም ጠርቶ ይመልስለታል። የዘር ሐረግ ባለሙያዎች በሚመሩበት የማስረጃ መስፈርትም ቢሆን የሚቃረን ማስረጃ ካለ ማለፍ አይቻልም፤ ለምን እንዳልተቀበልሽው በጽሑፍ ማሳየት አለብሽ።

«አያቴ ናት የነገረችኝ» ያልሽውንም አትጣዪው። የቃል ምስክርነትም ማስረጃ ነው፣ ከተመዘገበ። ማን እንደተናገረች፣ ከሟቿ ጋር ምን ዝምድና እንዳላት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ገደማ እንደነገረችሽ ጽፈሽ ገጹ ላይ አኑሪው። አያትሽ በሕይወት ካለች ስሟን ለሁሉ በሚታይ ማስታወሻ ውስጥ አታስገቢ፤ «የሟቿ ልጅ» ማለት ይበቃል።

ለሰውየው መልእክት ላኪለት፣ ግን በጥያቄ ጀምሪ፦ «ወላጆቿን በየትኛው ሰነድ እንዳገኟቸው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ ያገኘሁት ይህን ነው።» አንቺ ያላየሽው ሰነድ በእጁ ሊኖር ይችላል፤ ካለ ደግሞ ማየት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ከሌለው ብዙ ጊዜ ዝም ይልና ገጹን ይተወዋል። ይቅርታ የሚል ብዙም አላየሁም፣ አትጠብቂ።

ሰነድ ስትመዝኚ የተጻፈውን ብቻ አትዪ፣ ማን እንደነገራቸውም ጠይቂ። የሞት ምስክር ወረቀት ለሞት ቀን ጥሩ ምስክር ነው። የሟቿን እናት ስም የነገራቸው ግን አማቶቹን አንድም ቀን ያላገኘ ባል ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ የ1940ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ እወደዋለሁ፤ መልስ የሰጠው የቤቱ ሰው ስም አጠገብ በክብ ውስጥ የኤክስ ምልክት ይደረግ ነበር። ሌሎቹ ሰነዶች እንዲህ ቢሆኑ ስንት ጭቅጭቅ በቀረ! ቀንም ያሳስታል። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1751 ድረስ አዲሱ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ፌብሩዋሪ 1731 የተባለው በአሁኑ አቆጣጠር 1732 ነው። 1731/32 ተብሎ የሚጻፈውም ለዚህ ነው፤ «የተሳሳተ ዓመት» ብሎ የሚሰርዘው ግን አይጠፋም።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ቢመልሰውስ? ጄኒ ላይ ኩሬተሮች (ገጾቹን የሚቆጣጠሩ ሰዎች) ገብተው የገጹን መረጃ ሊቆልፉት ይችላሉ። ዊኪትሪ ላይ ለገጹ ኃላፊ ትጽፊያለሽ፤ ከ1700 በፊት የተወለዱ ሰዎችን ገጽ ለመንካት ደግሞ ለይቶ የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፋሚሊሰርች ላይ ግን ክስ የሚቀርበው ለስድብና ሆን ተብሎ ለሚሠራ ጥፋት ነው፤ የሐሳብ ልዩነትን አይዳኙልሽም። እዚያ ያለሽ ጉልበት ገጹ ላይ የተከማቸው ማስረጃ ነው።

አንሴስትሪ ላይ «ብዙ ሐረጎች እኮ እነዚያን ወላጆች ነው የያዙት» ያልሽው አያስደንግጥሽ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ድረ ገጹ የሚያቀርብለትን ፍንጭ ተጭኖ ይቀዳል፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ይቀዳል። ሁሉንም ከፍተሽ ከሥሩ የተያያዘውን ምንጭ እዪ፤ «የአንሴስትሪ የቤተሰብ ሐረግ» ብቻ ከሆነ እርስ በርስ ነው የሚመሰካከሩት። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም ያው ነበር። ጉስታቭ አንዡ የሚባል ሰው (1863–1942) ለሀብታም አሜሪካውያን የፈጠራ የትውልድ ሐረግ እየሠራ ይሸጥ ነበር። እውነተኛ መዝገብ ከልብ ወለድ ጋር ስለሚቀላቅል ሥራው እስከ ዛሬ ከሰው ሐረግ ውስጥ አልጠራም።

የዲኤንኤ ምርመራም ቢሆን በተዘዋዋሪ ሊያሳስትሽ ይችላል። አንሴስትሪ በ2019 ያመጣው ትሩላይንስ የሚባል መሣሪያ በዲኤንኤ ከተዛመድሽው ሰው ጋር ያለሽን የጋራ ቅድመ አያት ሲያሳይሽ መንገዱን የሚሞላው ከሰዎች ሐረግ ነው። ዝምድናው እውነት ሆኖ መንገዱ ስህተት ሊሆን ይችላል።

እነዚያን ሁሉ ቅጂዎች አሳደሽ አትዘልቂውም። በቅርብ የሚዛመዱሽን መርጠሽ ማስታወሻ ተዪላቸው፣ የቀረውን እርሺው። የጋራውን ገጽ ግን «ተከታተል» የሚለውን ተጭነሽ ያዢው፤ ለውጥ ሲኖር ይነግርሻል። የሰነዶቹን ፎቶና የጻፍሽውን ማብራሪያ ደግሞ በራስሽ ኮምፒውተርም አስቀምጪ። ለውጥ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ መጻፍ የለብሽም።

አሁን የምፈልገው ያንን ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ ነው። በሕይወት ያሉትን ስም ደብቀሽ ላኪልን። ውሕደቱ የተደረገበትን ቀንና በዚያ ቀን የተዋጠውን ገጽ መለያ ቁጥርም ጨምሪበት፤ ሌላዋን ሴት ፍለጋ የምንጀምረው ከዚያ ነው።