ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእርስዎ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ የቤት መብራት ጥያቄ ይበዛል። ደሴ ላይ ጉሙና ዝናቡ ግድግዳውን ያርሰዋል፣ ከዚያ ያረጀ ገመድ ሁሉ ጉዱ ይወጣል። ዛሬ ሦስት ደብዳቤዎችን እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብያለሁ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ችግር ስለሆነ ነው።

«የምኖረው ደሴ ሸዋ በር ነው። ከእናቴ የወረስኩት የጭቃ ቤት ነው፤ መስመሩ የተዘረጋው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። እንጀራ ስጋግር ምጣዱ ይነዝረኛል፣ አንዳንዴም ብሬከሩ ይጠፋል። ላስቀይረው ስል ጎረቤቴ ‹ያለ መብራት ኃይል ፈቃድ ገመድ ካስነካሽ ትቀጫለሽ› አለችኝ። ያመጣሁት ሠራተኛ ደግሞ ‹ፈቃድ ምን ያደርጋል፣ ቆጣሪውን ራሴ ከፍቼ ከላይ እቆርጠዋለሁ› ይላል። ማንን ልስማ?»

እትዬ፣ ጎረቤትዎም ሠራተኛውም ተሳስተዋል፤ የሠራተኛው ስህተት ግን ሰው ይገድላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምሰሶው ተነስቶ ቆጣሪው ድረስ ያለው ገመድ፣ ቆጣሪው ራሱና ማኅተሙ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ፣ ማለትም ሰው መብራት ኃይል የሚለው መሥሪያ ቤት ናቸው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ብሬከር፣ ገመድ፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የእርስዎ ነው። ስለዚህ የቤትዎን የውስጥ ገመድ ለማስቀየር፣ የተበላሸ ሶኬት ለመለወጥ መብራት ኃይል ሄደው ፈቃድ አይጠይቁም። ቆጣሪው ቦታ እንዲቀየርልዎ ከፈለጉ፣ ወይም ከሲንግል ፌዝ (ከተራው የቤት መስመር) ወደ ትሪ ፌዝ (ለከባድ ማሽን ወደሚሆነው ባለ ሦስት መስመር) መሄድ ካሰቡ፣ ያኔ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ማኅተሙን ግን ማንም የግል ሠራተኛ አይነካውም። ከቆጣሪው በላይ ያለው ገመድ ብሬከር አጥፍተው የሚያቆሙት አይደለም፤ ምንጊዜም ኤሌክትሪክ አለበት። ሠራተኛው ቢተርፍ እንኳን ማኅተሙ ተቆርጦ ሲገኝ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፣ እሱ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ሥራው የግድ ከላይ መቁረጥ የሚጠይቅ ከሆነ የአገልግሎቱ ስልክ 905 ላይ ደውለው ያስመዝግቡ ወይም ቅርብ ወዳለው ማዕከል ሄደው ያመልክቱ፣ መጥተው ይቁረጡት። እንዲህ ሲሉት «አያስፈልግም» የሚል ሠራተኛ ካለ ያሰናብቱት።

አሁን ወደ ምጣዱ። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። የእርስዎ ቤት ገመድ የተዘረጋው ለአምፖልና ለሬድዮ ይመስለኛል፣ ያኔ ምጣዱ በእንጨት ነበር። ቀጭኑ ገመድ ይግላል፣ ልባሱ ይደርቃል፣ ኮርኒሱን ገለጥ አድርገው ቢያዩት በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሆኖ ያገኙታል። እዚያ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የገመድ መቀጣጠያ አይጠፋም። ኮርኒሱ ጥቀርሻ የጠጣ አቡጀዲ ከሆነ ደግሞ እሳት ለመያዝ ብዙም አይፈልግም።

እባክዎ ይህችን ልብ ይበሉ፦ ብሬከሩ ይጠፋል ሲባሉ ትልቅ ብሬከር ገጥመው የሚሄዱ ሠራተኞች አሉ። ብሬከሩ መጥፋቱን ያቆማል፣ እርስዎም ተሠራ ይላሉ፤ የቆመው ግን ጥበቃው ነው። ገመዱ ያው ቀጭን ገመድ ነው፣ አሁን ብሬከሩ ሳይጠፋ ገመዱ ይቃጠላል። ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ያስዘርጉ፣ ገመዱ 4 ሚሊ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ይሁን፣ ብሬከሩ 25 አምፔር። ለተራ ሶኬት 2.5 ሚሊ፣ ለአምፖል 1.5 ሚሊ ይበቃል።

የሚነዝርዎት ደግሞ ኤርዝ፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ገመድ፣ ስለሌለ ነው። የምጣዱ ሽቦ ወይም እርጥበቱ ኤሌክትሪኩን ወደ ብረቱ አካል ያሾልከዋል፣ መሄጃ መሬት ስላላገኘ በእርስዎ በኩል ይወርዳል። ብዙ እናቶች የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርገው እየጋገሩ ዓመታት ያሳልፋሉ። አንድ ቀን ወለሉ ርጥብ ይሆናል፣ ወይም ጫማ የሌለው ልጅ ምጣዱን ይነካል። እስኪስተካከል ድረስ በዚህ ምጣድ አይጋግሩ፣ ከጎረቤት ቢጋግሩ ይሻላል። የኤርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ ከሁሉም ሶኬት ሦስተኛዋ ገመድ እሱ ጋ ትድረስ፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚሰማ የኤርዝ ሊኬጅ ብሬከርም (ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ መስመሩን ወዲያው የሚያጠፋው) ይገጠም። ጦሳ ተራራ ግርጌ ያሉ ግቢዎች ድንጋያማ ናቸው፣ ዘንጉ አልገባ ሲል ቆርጠው አጭሩን የሚቀብሩ አሉ፤ አይቀበሉ፣ አፈር ያለበት ቦታ ይፈለግ።

ስለ ሠራተኛው፦ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ተከላ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዛል። ያሳይዎት፣ ነውር የለውም። ግድግዳው ከመመረጉ በፊት ገመዱ የሄደበትን ሁሉ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሥራው ሲያልቅም የገመዱ ልባስ ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ በሚፈትሸው መሣሪያ፣ በሜገር፣ እንዲለካ ይጠይቁ፤ መሣሪያው የሌለው ሠራተኛ ካለው ተውሶ ይምጣ። አብሽሩ፣ ቤቱ ትንሽ ከሆነ ሥራው ረጅም አይደለም።

«ኮምቦልቻ ውስጥ ወላጆቼ ቤት መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል የብየዳ ቤት ላደርጋት ነው። ማሽኑን ገዝቻለሁ። ጎረቤቶች ገና ሳልጀምር ‹መብራታችንን ታደበዝዝብናለህ› ብለው አኩርፈዋል። ፈቃድ የሚባለው ከየት ይጀመራል?»

ወንድሜ፣ ማሽኑን ከመግዛትህ በፊት ብትጠይቅ ጥሩ ነበር፣ ግን አልረፈደም። ጎረቤቶችህ እውነት አላቸው። የብየዳ ማሽን እሳቱን ሲጭር ብዙ አምፔር በአንዴ ይስባል፣ በዚያው መስመር ላይ ያለ ቤት ሁሉ አምፖሉ ይርገበገባል።

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሂድ። የሕንፃ አዋጁ አዲስ ግንባታን ብቻ ሳይሆን ነባር ቤት ማሻሻልንና የአገልግሎት ለውጥንም ይመለከታል። መኖሪያ የነበረን ክፍል ወደ ብየዳ ቤት መቀየር የአገልግሎት ለውጥ ነው፤ ግድግዳ አፍርሰህ በር ልታወጣ ከሆነም እዚያው ይነሳል። የቤቱ ካርታ በወላጆችህ ስም ስለሆነ እነሱ ይፈርሙ። ንግድ ፈቃዱንም ጎን ለጎን ጀምር። ከዚያ የማሽኑን ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ መብራት አገልግሎት ጋ ውሰድ፣ ስንት ፌዝ እንደሚፈልግና ስንት ኪሎዋት እንደሚስብ እሱ ላይ አለ፣ ጭነቱም በዚያ ይታያል። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው መጀመሪያ ቆጣሪ የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፣ በኋላ ማዘጋጃው «እዚህ ቦታ ብየዳ አይሆንም» ሲላቸው የከፈሉት ገንዘብ ሜዳ ላይ ይቀራል። እስከዚያ በቤቱ ቆጣሪ አትበይድ። ጎረቤቶችህንም ቡና አስፈልተህ አነጋግራቸው፣ ቅሬታ ይዘው ወረዳ ከሚሄዱ።

«ደሴ ተከራይ ነኝ። አንድ ሰው ተቆጣጣሪ ነኝ ብሎ መጣ። ቆጣሪውን አየና ‹መስመራችሁ ችግር አለበት፣ ይህን ያህል ከሰጠኸኝ አልፈዋለሁ› አለኝ። ፈርቼ ነገ ና አልኩት። ነገ ሲመጣ ምን ልበለው?»

መታወቂያህን አሳየኝ በለው። እውነተኛ ሠራተኛ መታወቂያ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ስትጠይቀውም አይቆጣም። ስሙን ጻፍና እሱ በር ላይ እያለ 905 ደውለህ ይህ ሰው ተልኳል ወይ ብለህ ጠይቅ። በእጅ ብር አትስጥ፤ የመብራት ክፍያ በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ይከፈላል፣ ለምርመራ ተብሎ በር ላይ የሚቀበል የለም። ችግር አለ ካለ ችግሩን በጽሑፍ ይስጥህ።

መታወቂያው ትክክል ከሆነ ግን አስገባው፣ ቆጣሪውን ማየት መብቱ ነው። ማኅተሙን ያያል፣ ቆጣሪውን ሳይነካ ያለፈ ገመድ አለ ወይ ይላል፣ ለሌላ ግቢ የተሰጠ መስመር ይፈልጋል። አንተ ተከራይ ስለሆንክ ከመምጣቱ በፊት ዛሬ ማታ አከራይህን ጥራና አብራችሁ እዩት። ከበፊት ጀምሮ ለጎረቤት የሄደ ገመድ ካለ አንተ አታውቀውም፣ ተጠያቂ ሆነህ የምትገኘው ግን አንተ ልትሆን ትችላለህ። የማኅተሙን ፎቶ ከነቀኑ አንሳ፣ የኪራይ ውልህ ላይም የቆጣሪው ቁጥርና ስትገባ የነበረው ንባብ ይጻፍ።