የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጠበበው ሲ ድራይቭና የዲፍራግ ፕሮግራም ምርጫ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በደሴ ከተማ ፒያሳ አካባቢ ሠርግና ኒካህ የምቀርጽበት አነስተኛ ፎቶ ቤት አለኝ። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ኮምፒውተሬ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ሲሆን፣ ስገዛው በአራት ተከፍሎ ነበር፤ ሲ 60 ጊጋባይት፣ ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ደግሞ እያንዳንዳቸው 290 ጊጋባይት ገደማ። የጥርን ሠርጎች ኤዲት ሳደርግ ሲ ድራይቭ ሞልቶ ቀላ፤ ማሽኑም ተንቀራፈፈ። ጓደኞቼ ዲፍራግ አድርገው ይሉኛል። ክፍፍሉን እንዴት ላስተካክል? የትኛውን የዲፍራግ ፕሮግራም ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዲፍራግ የመጨረሻው ሥራ ስለሆነ ከሲ ድራይቭ እንጀምር። የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን አንድ ላይ ለማምጣት ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል፤ በተለምዶ የሚመከረው ከድራይቩ 15 በመቶ ያህሉ ባዶ እንዲሆን ነው፤ ይህም ለእርስዎ ሲ 9 ጊጋባይት ይሆናል። ዕቃ እስከ ጣሪያው በሞላበት ክፍል ውስጥ ዕቃ ማደላደል እንደማይቻል ሁሉ፣ በሞላ ድራይቭ ላይ የሚደረግ ዲፍራግም ጊዜ ከመፍጀት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ሲ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ በዊንዶውስ ብቻ አይደለም። ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው፣ ዳውንሎድስ ውስጥ የሚገባው፣ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙም በየፕሮጀክቱ የሚያከማቸው ጊዜያዊ ፋይል ካልቀየርነው በስተቀር ሁሉም የሚያርፈው እዚያው ሲ ላይ ነው። እነዚህን ፎልደሮች በቀኝ ጠቅታ ከፍተው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ባለው ሎኬሽን በኩል ወደ ዲ ያዛውሯቸው፤ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙን ጊዜያዊ ማስቀመጫም ከራሱ ሴቲንግ ይቀይሩ። የብዙ ሰው ችግር እዚህ ላይ ያበቃል።

ያ ካልበቃ ክፍፍሉን መንካት ግድ ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዲን አሳንሰው ትርፉን ለሲ ለመስጠት ሲሞክሩ ነው፤ ከዲ የተቀነሰው ቦታ የሚቀመጠው በዲ መጨረሻ በኩል ስለሆነ፣ ዲስክ የሚከፋፍለው የዊንዶውስ መሣሪያ ዲስክ ማኔጅመንት ደግሞ ሲን የሚያሰፋው ከጎኑ በቀኝ በኩል ባለ ባዶ ቦታ ብቻ ስለሆነ ነው የማይሳካው። ስለዚህ በዲ ያሉት ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ተገልብጠው ዲ ራሱ መጥፋት አለበት ማለት ነው። ዲስክ ማኔጅመንት በሚያሳየው የክፍፍል ሥዕል ላይ ዲ በአረንጓዴ መስመር ከተከበቡት ክፍሎች መካከል ከሆነ ደግሞ፣ ሲ ያንን ቦታ የሚያገኘው በአረንጓዴው ውስጥ ያሉት ሁሉ ከነክበቡ ሲጠፉ ነው። እንግዲያውስ ሁሉንም አንድ ጊዜ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጠው ሁለት ብቻ እንዲያደርጉት እንመክራለን፤ ሲን 200 ጊጋባይት፣ ቀሪውን 730 ገደማ ለዲ። ውጫዊው ዲስክ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ይሁን፤ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጠውን የሠርግ ቪዲዮ አይቀበልም።

አራት ክፍል ከሁለት ይልቅ ፍጥነትም ሆነ ደኅንነት አይጨምርም። አንድ ክፍል ቤት በመጋረጃ ቢከፋፈልም ጣሪያው አንድ ነው፤ ዲስኩ ሲበላሽ ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ። የደንበኛን ሠርግ ከዲ ወደ ኢ ገልብጦ «ባክአፕ አለኝ» ማለት እጅግ ያሳስበናል፤ ያ ሠርግ ዳግመኛ አይደገስምና።

መብራት ድንገት በሚጠፋበት ሁኔታ፣ ፋይሎቹ ሳይገለበጡ ክፍልፋዮችን እየገፉ የሚያሰፉ ፕሮግራሞችን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አይሞክሩ፤ በመካከል ቢቋረጥ መላው ክፍል ላይከፈት ይችላል። ዲፍራግ ግን በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በዊንዶውስ ሥርዓት የቁርጥራጩ አሮጌ ቦታ የሚለቀቀው ቅጂው በአዲሱ ቦታ ከተጻፈ በኋላ ነው።

የዲፍራግ ፕሮግራምን በተመለከተ፣ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለው በቂ ነው፤ ካልዘጉትም በየሳምንቱ በራሱ ይሠራል። ከ64 ሜጋባይት የሚበልጡ ቁርጥራጮችን ሳይነካ ያልፋቸዋል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ቁራጭ ለመቀጠል የሚወስደው ጊዜ ከሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣልና፣ ይህን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት። አንድን ፋይል ወይም ፎልደር ለይተው ማደላደል ከፈለጉ ዲፍራግለር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያንን ይፈቅዳል። ኮምፒውተርን በእጥፍ አፈጥናለሁ እያሉ ክፍያ የሚጠይቁትን ግን ይተዋቸው።

ወደፊት ኤስኤስዲ የተባለውን የዲስክ ዓይነት ቢገዙ ዲፍራግ አያስፈልገውም፤ የሚሽከረከር ሳህንና የሚመላለስ የንባብ ክንድ ስለሌለው መበታተኑ ብዙም አያዘገየውም፤ ተደጋጋሚው መጻፍ ግን ዕድሜውን ይቀንሳል። ዊንዶውስም ዓይነቱን ለይቶ በዋናነት ትሪም የሚባለውን ሥራ፣ ማለትም የተሰረዙ ፋይሎች የነበሩበትን ቦታ ለዲስኩ ማሳወቅን ይሠራለታል።

አሁን ያለው ዲስክዎ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ወይም ፋይል ሲከፍቱ የሚደርቅ ከሆነ፣ ዲፍራግም ሆነ ክፍፍል ሳይጀምሩ በቅድሚያ የደንበኞችዎን ቪዲዮ ያውጡ፤ የታመመ ዲስክ ዲፍራግ የሚጭንበትን የሰዓታት ምልልስ ላይቋቋም ይችላል።