ለመረጃ ሰብሳቢነት ለተጠሩት የኢኮኖሚክስ ምሩቅ

ውድ ጠያቂያችን፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቀው ደሴ ውስጥ ሥራ እየፈለጉ ሳለ፣ የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራም ያመጣውን ለውጥ ለሚገመግም ጥናት መረጃ ሰብሳቢ እንዲሆኑ መጠራትዎን ጽፈዋል። ቤተሰብዎ «በቀን አበል የሚሠራ ጊዜያዊ ሥራ ለምሩቅ አይሆንም» ማለታቸውን፣ እርስዎም ከችግረኛ ሰው ቤት ገብቶ ስለ ገቢው መጠየቁ እንደከበደዎት ገልጸዋል። ምክሬ ሥራውን ይቀበሉ የሚል ነው፤ በግምገማ ሙያ መቆየት የሚፈልግ ሰው ቁጥሩ ከምን እንደሚሠራ በደጃፍ ቆሞ ቢማር ይጠቀማልና።

ለችግረኛ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠውና በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ወደ 11 ከተሞች ሲገባ ደሴ አንዷ ነበረች። ስለዚህ ከሚያንኳኩት በር ጀርባ ስለ ቀጥታ ድጋፍ (ሥራ ሳይጠየቅ ስለሚሰጠው ገንዘብ) እና ስለ ተጠቃሚዎች ምልመላ የሚያውቅ ሰው ይኖራል፤ ታብሌት ይዘው ሲያይዎትም «ስሜን ልትሰርዙ ነው ወይስ ልትመዘግቡን?» ማለቱ አይቀርም። ተጠቃሚው እንዳይሰረዝ ያለውን ይደብቃል፣ ያልተመለመለው ደግሞ ችግሩን ያጎላል። ለሁለቱም መልሳቸው ከድጋፉ እንደማያስወጣቸውም እንደማያስገባቸውም በግልጽ ይንገሩ፣ ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፣ አዝነውም ቢሆን «አመለክትልዎታለሁ» የሚል ተስፋ አይስጡ።

ድጋፍ ያላገኙ ሰዎች ለምን እንደሚጠየቁ በደንብ ሊገባዎት ይገባል፤ በጣም የሚከብደው ጥያቄ የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረችው ፕሮግሬሳ የተባለ ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ሲገመገም ከ506 መንደሮች 320ዎቹ በዕጣ ቀድመው እንዲገቡ ተደርጎ፣ 186ቱ ቆይተው እስኪገቡ ድረስ ለማነጻጸሪያ አገልግለዋል። ጤፍ ሲወደድ የሁሉም ማዕድ ይሳሳል፤ የተረጂውን ቤት ብቻ ያየ አጥኚ ግን ገንዘቡ ምንም አልፈየደም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው የምግብ ፍጆታው ክፍል ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ቤተሰቡ ምን ያህል ሽሮ፣ ዘይትና ቡና እንደተጠቀመ ሲጠይቁ እናት በኪሎ አይመልሱልዎትም፤ «አንድ ጣሳ»፣ «ሁለት ስኒ» ነው የሚሉት። ጣሳው የትኛው እንደሆነ በዓይንዎ ይዩት፣ ሞልቶ ወይስ ጎድሎ እንደነበር ይጠይቁ፣ ግምቱንም በራስዎ አያስተካክሉ። ከድጋፉ በፊት የሚደረገው የመነሻ ጥናት በረመዳን፣ ከድጋፉ በኋላ የሚደረገው የማጠቃለያ ጥናት ከረመዳን ውጪ ቢሠራ ልዩነቱ ከገንዘቡ ይሁን ከጾሙ መለየት ያስቸግራል፤ የፋሲካና የአረፋ ሳምንትም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ያስተዋለ መረጃ ሰብሳቢ ለአስተባባሪው በጽሑፍ ቢያሳውቅ ለጥናቱ ትልቅ ውለታ ነው።

የወሎ ሰው እንግዳ ሲመጣ ቡና ያፈላል፤ ቡና ሲፈላ ደግሞ ጎረቤት ይጠራል። በመካከሉ ወደ ዕዳና ወደ ገቢ ጥያቄ ከደረሱ መጠይቁን በትሕትና ያቁሙና ብቻቸውን የሚያገኙበትን ሰዓት ይቅጠሩ። እንደከበደዎት የጻፉት ነገር በአብዛኛው እዚህ ላይ ይቃለላል ብዬ አምናለሁ፤ ችግረኛ ሰው ገመናው በጎረቤት ፊት እንዳይወጣ የተጠነቀቀለትን ጠያቂ አይጠላውም።

ሌላው ፈተና የተዘጋ በር ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለው ቤተሰብ ልጆቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አግኝተው ወደዚያ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ ድካም በበዛበት ቀን ደግሞ በምትኩ ጎረቤቱን መጠየቅ ያጓጓል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉት። ምናልባት ያ ቤተሰብ ቤት የለወጠው በድጋፉ ገንዘብ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉት ከመረጃው ከጠፉ ጥናቱ ሊያገኘው የወጣውን ለውጥ ራሱን ያጣል። ስልክ ይጠይቁ፣ ለአስተባባሪው ያመልክቱ፣ ኮምቦልቻ ድረስ መሄድ ካስፈለገም የጉዞው ወጪ በእርስዎ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድመው ይነጋገሩ።

ለቤተሰብዎ ሥጋት አክብሮት አለኝ፤ ውሉ አጭር መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ሥራውን በጥንቃቄ የሠራ ሰው ለቀጣዩ ጥናት ተመልሶ የመጠራት፣ ከዚያም ቡድን የመምራትና መረጃ የማጥራት ዕድል አለው። ኮቦ ቱልቦክስና ሲኤስፕሮ የሚባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌሮች በነፃ ስለሚገኙ ከሥልጠናው በፊት ይለማመዱባቸው፤ ማታ ማታ ደግሞ ስታታ የተባለውን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ትምህርትዎን ይከልሱ። በሲቪዎ ላይ «መረጃ ሰብሳቢ» ብለው ብቻ አይለፉ፤ የጥናቱን ዓይነት፣ የተጠቀሙበትን ሶፍትዌርና ያነጋገሯቸውን ቤተሰቦች ብዛት ይጻፉ።

ከመፈረምዎ በፊት የሥልጠናው ቀናት ይከፈሉ እንደሆነ፣ ተዘግቶ ለተገኘ ቤት የተመላለሱበት ቀን እንዴት እንደሚታሰብ፣ ክፍያው በቀን ወይስ በተሞላ መጠይቅ ብዛት እንደሆነ ይጠይቁ። በመጠይቅ ብዛት ከሆነ ሰባት ቀን አስታውሰው የሚመልሱትን እናት ማጣደፍ ይመጣልና፣ በቀን እንዲታሰብልዎ ይጠይቁ።