«አይሰጥም» ካሉ፣ በጽሑፍ ይበሉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለችኝ። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ባወጣው የኅትመት ጨረታ ተወዳድሬ ወደቅሁ። መውደቄስ ይሁን፤ የቴክኒክ ነጥቤ እንዴት እንደተሰጠ ልይ ብዬ የግምገማውን ቃለ ጉባኤ ስጠይቅ አንዱ «ሚስጥር ነው፣ አይሰጥም» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ለምን ፈለግሽው?» ይለኛል። መክሰስ እችላለሁ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይችላሉ፣ ግን አሁን አይደለም። በር ላይ በቃል የተነገረ «አይሰጥም» ይዘው የትም አይደርሱም፤ ነገ «ማን ከለከላት?» ቢሉ ምን ያሳያሉ?

መብቱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ አለ፣ ዝርዝሩ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው። «እሱ እኮ ተሽሯል» የሚል ካጋጠመዎት፣ የ2013ቱ አዋጅ የተካው የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል ነው፤ የመረጃ ነጻነቱ አልተነካም። «ለምን ፈለግሽው?» ላለው ሰውዬም መልስ አይጠበቅብዎትም። አዋጁ ጠያቂን ምክንያት አይጠይቅም።

ስለዚህ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ደብዳቤ ይጻፉ። የጨረታውን ቁጥርና የሚፈልጉትን ሰነድ በስሙ ይጥቀሱ፣ «መረጃ ይሰጠኝ» ብቻ ካሉ ለማንከባለል ይመቻቸዋል። ሁለት ኮፒ ይዘው መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፣ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም ሳያስደርጉ ንቅንቅ አይበሉ። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጡዎት ይገባል፣ ከከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለባቸው። ዝም ካሉ ደግሞ ያቺ ማህተም ያረፈባት ኮፒ ትናገርልዎታለች።

«ሚስጥር ነው» ብሎ ነገር ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። አዋጁ የሚከለከሉትን ዘርዝሯል፤ የግል ሕይወት፣ የአገር ደኅንነት፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ሚስጥር የመሳሰሉትን። እርስዎ ላይ ሊያነሱ የሚችሉት ይህን የመጨረሻውን ነው። እውነት ለመናገር የአሸናፊው የዋጋ ስሌት ቢሸፈን ብዙም አይገርመኝም፣ የእርስዎ ነጥብ ግን የማን ሚስጥር ነው? ደብዳቤው ላይ «የሌላ ተወዳዳሪ የንግድ ሚስጥር ካለ እሱ ተሸፍኖ ቀሪው ይሰጠኝ» ብለው ቢጨምሩ ሰበብ ያሳጧቸዋል።

ከከለከሉ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያመልክቱ። እዚያም ካልሆነ ወደ ዕንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በነጻ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም። ተቋሙ ይመረምራል፣ ያስማማል፣ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ እንደ ዳኛ አይፈርድም፤ ቢሆንም ከእሱ የመጣ ደብዳቤ ሲደርስ የጠፋው ፋይል ብድግ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ፍርድ ቤቱ የመጨረሻው ነው። በአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔው ሕጉን የተከተለ መሆኑን ማየት ይችላል። ግን ዘለው ልደታ ፍርድ ቤት ቢሄዱ «መጀመሪያ እዚያው አቤቱታ አቅርበሻል?» መባልዎ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የጨረታውን ውጤት ራሱን መቃወም ከፈለጉ ያ ሌላ መንገድ ነው፣ የግዥ አቤቱታ ይባላል፣ ጊዜውም አጭር ነው። ቃለ ጉባኤው እስኪመጣ ብለው ከጠበቁ ያልፍብዎታል። የጨረታ ሰነድዎን አውጥተው ስለ አቤቱታ የሚለውን ቦታ ዛሬውኑ ያንብቡት።