ሳታዪ አትፈርሚ፦ ስለ ትልልቆቹ የኮሚክ ጥራዞች

እህቴ፣ የአክስትሽ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ ከእነዚያ ባለ ጠንካራ ሽፋን ትልልቅ የልዕለ ኃያላን ኮሚክ ጥራዞች አንዱን ልታስመጪ አስበሽ፣ «የትኛውን ልዘዝ? በጥቅል ይላክልኝ ወይስ በእጁ ይያዝልኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ዘጠኝ አሉኝ። የመጀመሪያው ያስከፈለኝን ሌላ ሰው እንዲከፍል ስለማልፈልግ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ።

1. በእጁ ይያዝልሽ። ኦምኒበስ የሚባለው ጥራዝ ከ1,000 ገጽ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሻንጣው 23 ኪሎ ከሆነ፣ ዘመድሽ ለቤተሰቡ ልብስና ጫማ ከሚጭንበት ላይ ሦስት ኪሎ እየለመንሽው ነው። ስለዚህ አንድ ብቻ ጠይቂ፤ ቀደም ብለሽም ንገሪው። በመጨረሻው ሳምንት የተነገረ መጽሐፍ አሜሪካ ይቀራል።

2. በክር የተሰፋ ይሁን። በሙጫ ብቻ የተያዘ ጥራዝ ቢረክስም አትግዢ። ከዓይነቶቹ ማርቭል የተባለው አሳታሚ የሚያወጣው ኦምኒበስ ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በየጊዜው የወጡ ብዙ ቀጫጭን እትሞችን በአንድ ላይ ይይዛል። ዲሲ የተባለው ሌላው አሳታሚ አብሶሉት የሚለው ጥራዝ ደግሞ ወደ 31 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የራሱ ማኅደር አለው፤ የሚይዘው ታሪክ ያንሳል፣ ሥዕሉ ግን ሰፍቶ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የስፓይደር ማን ኦምኒበስ አንደኛውን ቅጽ ያዢ። ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ በ1962 እ.ኤ.አ. ከጀመሩት አንሥቶ፣ ዲትኮ በ1966 እስከ ተለየበት እስከ 38ኛው እትም ድረስ ሁሉም እዚያው አለ። የአንድ ሠዓሊ እጅ ከጀማሪነቱ እስከ ብስለቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ታያለሽ። ጣቶቹን ተመልከቺ፤ ዲትኮ ፍርሃትንም ንዴትንም በጣት ነው የሚናገረው።

3. ሳታዪ አትፈርሚ። በሆነ ምክንያት በጥቅል ከተላከልሽ፣ መጽሐፉን ገልጠሽ ሳታዪ እጅሽ እስክሪብቶ አይንካ። እኔ የተቃጠልሁት እዚህ ላይ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሜሪላንድ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ይህንኑ መጽሐፍ ገዝቶ ላከልኝ። የመላኪያው ብቻ የመጽሐፉን ዋጋ ሊያክል ትንሽ ነበር የቀረው። አዲስ አበባ ገብቷል ሲባል ከደብረ ማርቆስ ሌሊት ተነሣሁ፤ በደጀን ወርጄ ዓባይን ተሻግሬ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ጥቅሉን ከሚያስረክበው መሥሪያ ቤት ደረስሁ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «መታወቂያ። እዚህ ላይ ፈርም።» ካርቶኑ ከኋላው መሬት ላይ ይታየኛል፤ ለፍተሻ በምላጭ ተከፍቶ፣ ተመልሶ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። «መጀመሪያ ልየው?» አልሁት። «ሰልፍ አለ፤ ፈርምና ከዚያ እንደ ፈለግህ እየው» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም አጉረመረሙ። ፈረምሁ።

በረንዳው ላይ ፈታሁት። ምላጩ ካርቶኑን አልፎ መደረቢያ ሽፋኑን ከላይ እስከ መሐል ሰንጥቆታል። ሲባጎው ማዕዘኑን ጨፍልቆታል። ይህን እችለው ነበር። ጠንካራውን ሽፋን ስገልጥ ግን ሽፋኑ በግራ እጄ፣ ያ ሁሉ ገጽ በቀኝ እጄ ቀረ፤ ተገንጥሏል። ወደ መስኮቱ ተመልሼ ሳሳየው፣ «በደኅና ተረክቤአለሁ ብለህ ፈርመሃል» አለና ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ቀጥሎም «ለልጆች ሥዕል ነው ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ?» አለኝ። ማመልከቻ ጽፌ ሁለት ጊዜ ተመላለስሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያችኑ ፊርማዬን አሳይተው መለሱኝ። የመሳፈሪያው ገንዘብ አይቆጨኝም። ያ ንግግር ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያዳኑልኝ የእናቴ አጎት ናቸው። ብቸና አካባቢ የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ ብራና ሲፍቁና ሲጠርዙ ኖረዋል። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አጋድመው የጀርባውን ሙጫ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። «በክር ተሰፍቷል፤ ይድናል» አሉ። በሙጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገጾቹ እየተነጠሉ ይረግፉ ነበር። ክሩን በሰም ደጋግመው አሹት፤ የላላውን ሰፉ፤ ጀርባውን በነጭ ጨርቅ ደግፈው ከሽፋኑ ጋር አገናኙትና ድንጋይ ጫኑበት። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩን አንሥተው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። አንድ ገጽ ላይ ቆዩ። «ይህ ሰው ጣት መሣል ያውቅበታል» አሉኝ። ስለ ዲትኮ አንድም ቃል አልነገርኋቸውም ነበር። ገንዘብ ብሰጣቸው አልተቀበሉኝም። «ማኅደሩ የት አለ?» ብለው ነው የተቆጡኝ፤ እንዲህ ያለ ከባድ መጽሐፍ ራቁቱን መቀመጡ አልዋጠላቸውም።

ከዚያ ወዲህ አቀማመጡን የምከተለው የእሳቸውን ምክር ነው። ለብቻው አታቁሚው፤ ገጾቹ በክብደታቸው ወደ ታች እየተጎተቱ ሽፋኑን ይገነጥሉታል። ወይ አጋድሚው፣ ወይ ከግራና ከቀኝ ሌሎች መጻሕፍት ይደግፉት። በክረምት ከጭቃው ግድግዳ አርቂው። እርጥበት ፈርተሽ በፌስታል አትጠቅልዪው፤ ሻጋታ የሚወልደው እሱ ነው። አዲስ ሲመጣ መሐሉን በኃይል አትገንጥዪ፤ ጠረጴዛ ላይ አኑረሽ ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያፈራረቅሽ ወደ መሐል ተጠጊ።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 150 ዶላር ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ይህ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። «አልቋል» እያሉ ሦስት እጥፍ የሚጠይቁ ሻጮች አሉ፤ አትቸኩዪ፣ ብዙዎቹ ዘግይተውም ቢሆን እንደገና ይታተማሉ። እኔ አንዱን ሁለት ዓመት ጠብቄ በመደበኛ ዋጋው አግኝቻለሁ።

ዘመድሽ ሻጩ የላከበትን ካርቶን እንዳይጥለው አደራ በዪው። ከእነ ካርቶኑ በልብስ መሐል ያስገባው። ማኅደሩን እዚያው ፍኖተ ሰላም አናጢ ይሠራልሻል። ቁመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን ለክተሽ በየጎኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ጨምሪ። ዋንዛው በደንብ የደረቀ መሆኑንም አረጋግጪ፤ የእኔ የመጀመሪያው ርጥብ ስለነበር ሲደርቅ ተኮማትሮ መጽሐፉን ነክሶ ያዘው፤ ለማውጣት ጎኑን መፍታት ግድ ሆነብኝ።