ጥንብ አንሳን የሚገድለው አጭሩ ምሰሶ ነው

ወንድማችን ወደ ከተማቸው የሚዘረጋው አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ጥንብ አንሳዎች የሚያድሩበትን ሜዳ ሊያቋርጥ መሆኑን ገልጸው «እንቃወም ወይስ ዝም እንበል?» ብለው ጠይቀዋል። በአፋር ከመስመር ሥር የሞቱ ወፎችን በመፈለግ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የማውቀውን ልንገርዎ። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት የምሰሶው ራስ (ሽቦው የሚታሰርበት አናቱ) እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ትልቁን የብረት ማማ ነው። እዚያ ላይ ግን ሽቦው ከአግዳሚው፣ ማለትም ሽቦ ለመሸከም በአግድም ከተዘረጋው ብረት፣ በታች ርቆ ስለሚንጠለጠል ወፎቹ በሰላም ያድሩበታል፤ ስጋቱ ሲበሩ ከሽቦው ጋር መጋጨታቸው ነው። በኤሌክትሪክ የሚፈጃቸው 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት የሚሸከመው አጭሩ ምሰሶ ነው። ሽቦው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ እንዳያልፍ በሚከለክለው ስኒ ላይ ሆኖ፣ ከአግዳሚው ብረት ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ጥንብ አንሳው አግዳሚው ላይ ያርፋል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውን ይነካል፤ አለቀ። በእንጨት ምሰሶ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሽቦ ካልነካ አይሞትም ነበር። ብረቱ ከመሬት ጋር በተገናኘበት የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ግን አንዱ ይበቃዋል። እንጨቱ በኮንክሪት ሲተካ የምሰሶው ራስ አሠራር እንደ ድሮው መቀጠሉ ያንገበግበኛል።

የግብፅ ጥንብ አንሳ፣ ያ ነጩና ፊቱ ቢጫ የሆነው፣ ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ (ከባልካን) እና ከቱርክ ብርድ ሸሽቶ ወደ እኛ የሚመጣ፣ በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት ወፍ ነው። ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል፤ በዓመት የሚያሳድገውም ቢበዛ ሁለት ጫጩት ነው። ፖርት ሱዳን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ መስመር እነዚህን ወፎች ለአሥርት ዓመታት ሲገድል ኖሮ አገልግሎቱ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

መፍትሔው በዕቅድ ጊዜ ቀላል ነው። ስኒው ከአግዳሚው በታች እንዲንጠለጠል፣ በምሰሶውና በትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ሽቦም በመከለያ እንዲሸፈን ማድረግ ነው። መስመሩ ከተሠራ በኋላ ግን ኃይል እያቋረጡ ምሰሶ በምሰሶ መውጣት ይጠይቃል። ስለዚህ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ይድረሱ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የኅብረተሰቡ አስተያየት እንዲካተት ይደነግጋል፤ ይህንን ይዘው ይሂዱ።

ማስረጃ ከፈለጉ በቅርብ ያለ ነባር መስመር ሥር ጎህ ሲቀድ ይሂዱ፤ ከረፈደ ጅብና ውሻ ወስደውት ምንም አያገኙም። ከምሰሶው ግርጌ የተለበለበ የክንፍ ላባና የተቃጠለ ጥፍር ይፈልጉ፤ የምሰሶውን ቁጥር መዝግበው ፎቶ ያንሱ። ለመሐንዲሶቹ ሲያቀርቡም ስለ ወፉ ብቻ አይናገሩ፤ እያንዳንዱ ወፍ ሲነካ መስመሩ ሊቋረጥ እንደሚችል ያስረዱ። ይህ ቶሎ ይገባቸዋል። ማዘጋጃ ቤቱ የቄራውን ተረፈ ምርት ከመስመሩ ርቆ እንዲጥልም ይጠይቁ፤ ወፎቹን ወደዚያ የሚጠራቸው እሱ ነው።

 

የምሰሶውን ሥዕል ካገኙ ይላኩልኝ፤ ስኒው ከአግዳሚው በላይ ይሁን በታች አብረን እናያለን።